እጅ የሌለው ባለእጅ

እ.ኤ.አ. በ1876 ሮበርት ኮክ ገና ስሙ ያልወጣ የ32 ዓመት የወረዳ ሐኪም ነበር። የሚኖረው ዎልሽታይን በምትባል፣ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ነው። ሕመምተኞቹን አይቶ ሲጨርስ ማይክሮስኮፑ ላይ ይደፋል። ከበሬ ዓይን ጥርት ያለውን ፈሳሽ ይቀዳል፤ እኛ አባ ሰንጋ በምንለው በሽታ ከሞተች አይጥ ጣፊያ ላይ ቅንጣት ቆርሶ በፈሳሹ ጠብታ ውስጥ ይጨምራል፤ ጠብታዋን ሙቀት ውስጥ አኑሮ በየሰዓቱ ይመለከታታል። በትር የመሰሉት ባክቴሪያዎች እየረዘሙ ሄደው እርስ በርስ ተጠላለፉ። ቆይቶም በየውስጣቸው ሞላላ፣ የሚያንጸባርቁ ነጥቦች ብቅ አሉ። በትሮቹ ፈራረሱ፤ ነጥቦቹ ግን ቀሩ። ኮክ ነጥቦቹን አድርቆ አስቀመጠና ሌላ ጊዜ አዲስ የዓይን ፈሳሽ ጠብ አደረገባቸው። በትሮቹ ተመለሱ።

ከብት አርቢዎችን ለዘመናት ግራ ያጋባው ነገር፣ ማለትም የታመመ ከብት ለዓመታት ያልረገጠው መስክ ድንገት ከብት መፍጀቱ፣ በዚያች ጠብታ ውስጥ ተፈታ። ኮክ ሥራውን ይዞ የሄደው ብሬስላው በምትባል ከተማ ወደሚያስተምረው የዕፅዋት ሊቅ ወደ ፈርዲናንድ ኮን ነው። ዕድል ሆኖ ኮንም በዚያው ዓመት ድርቆሽ ዘፍዝፎ ውሃውን ሲያፈላ፣ ከመፍላቱ ተርፈው እንደገና የሚያድጉ ተመሳሳይ ነጥቦችን አግኝቶ ነበር። ነጥቦቹ ዛሬ ስፖር ይባላሉ። የድርቆሿ ባክቴሪያ፣ በሳይንስ ስሟ ባሲለስ ሰብቲሊስ፣ የአባ ሰንጋዋ ዘመድ ብትሆንም ማንንም የማትነካ የአፈር ነዋሪ ናት። እንዲያውም ጃፓኖች አኩሪ አተር አብላልተው ናቶ የሚባለውን ምግባቸውን የሚያዘጋጁት በእሷ ነው። አሠራሯ ከገዳይዋ ዘመዷ ጋር የሚመሳሰል ስለሆነና ያለ ፍርሃት ቀርበው ሊያጠኗት ስለሚቻል፣ ስለ ስፖር ከምናውቀው አብዛኛውን ያስተማረችን እሷ ናት።

ስለ ስፖር ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው ጥንካሬው ነው። የፈላ ውሃ አይገድለውም። አልኮልም አይነካው፤ በኮቪድ ጊዜ እጃችንን ስናሽበት የከረምነው ሳኒታይዘር ስፖር ላይ ምንም አያመጣም። ከ1984 እስከ 1990 በናሳ ሳተላይት ተጭነው ምድርን ሲዞሩ ከነበሩት ውስጥ ከፀሐይ ጨረር የተከለሉት፣ ወደ ምድር ተመልሰው ምግብ ሲያገኙ ብዙዎቹ ነፍስ ዘርተዋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ያስደንቃልም። ጥንካሬ ብቻውን ግን ድንጋይም አለው። እኔን የሚደንቀኝ የባክቴሪያዋ ጥንቃቄ ነው። ለመዝጋት አትቸኩልም፤ ከዘጋችም በኋላ ለመክፈት አትቸኩልም፤ በየእርምጃው መካከል ቆማ ያለፈውን ሳታረጋግጥ ወደሚቀጥለው አታልፍም።

ነገሩ የሚጀምረው በረሃብ ነው። ምግብ ሲያጥር በህዋሷ ውስጥ የኃይል መልእክተኛ የሆነው ጂቲፒ የተባለው ሞለኪውል ይቀንሳል፤ እሱ ሲቀንስ በጥጋብ ዘመን ብዙ ጂኖችን ተጭኖ የሚይዝ አንድ ፕሮቲን ከዲኤንኤው ላይ ይነሳል። እንዲህም ሆኖ ባክቴሪያዋ ወዲያው ስፖር ወደ መሥራት አትሄድም። አስቀድማ ሌላውን ሁሉ ትሞክራለች። ጭራዋን እያሽከረከረች ወደተሻለ ቦታ ትዋኛለች። በአካባቢዋ ያለውን ስታርችና ፕሮቲን የሚሰባብሩ ኢንዛይሞች ወደ ውጭ ትረጫለች። ሌሎች ባክቴሪያዎችን የሚገድል መድኃኒት ታመርታለች፤ ከሞቱት የተበተነ ዲኤንኤ ትለቅማለች። በ2003 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ከዚህም የባሰ አሳዩ፦ ወደ ስፖር መንገድ የገቡት ገና ያልገቡትን እህቶቻቸውን በመርዝ ገድለው፣ ከሬሳቸው በሚፈሰው ምግብ ጥቂት ጊዜ ይገዛሉ። እህት የምትበላው ስፖር መሥራቱ ትንሽ እንዲዘገይ ነው!

ይህን ያህል ማመንታት ለምን አስፈለገ? ሥራው ከተጀመረ 7 ወይም 8 ሰዓት ይፈጃል፤ ከተወሰነ ደረጃ ካለፈ ደግሞ መመለሻ የለውም። ሲያልቅም ሠሪዋ ትሞታለች። ዝናብ ወርዶ ምግቡ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢመጣ፣ ያልቸኮሉት ጎረቤቶቿ በግማሽ ሰዓት እየተከፈሉ ይበዛሉ፤ እሷ ግን በሯን ዘግታ፣ የበዪ ተመልካች ሆና ትቀራለች።

ውሳኔው የሚተላለፍበት መንገድ በራሱ ሊታይ የሚገባው ሥራ ነው። ረሃብን የሚያዳምጡ አምስት ፕሮቲኖች አሉ። ረሃቡን ሲሰሙ ፎስፌት የምትባል ትንሽ የኬሚካል ቁራጭ በራሳቸው ላይ ይለጥፋሉ። ፎስፌቷ ከእነሱ ወደ ሁለተኛ ፕሮቲን፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛ፣ በመጨረሻም ስፖ ዜሮ ኤ ወደሚባለው ወደ አራተኛው ትሻገራለች። ጂኖቹን የሚከፍተው እሱ ነው። ታዲያ በቀጥታ ለምን አይሰጡትም? በየመሻገሪያው ላይ ፎስፌቷን ነጥቀው የሚጥሉ ሌሎች ፕሮቲኖች ስለቆሙ ነው። እነሱም በዘፈቀደ አይነጥቁም፤ የየራሳቸው የሚያዳምጡት ነገር አላቸው። አንዳንዶቹ እጃቸውን የሚሰበስቡት፣ ጎረቤቶች የሚለቋቸው አጫጭር የፕሮቲን ቁራጮች በዙሪያው ሲበዙ ነው። ስለዚህ ፎስፌቷ ዳር የምትደርሰው ረሃቡ የእውነት ሲሆን፣ ሲሰነብትም፣ የሚከለክላት ሁሉ ሲለቅም ነው። ስፖ ዜሮ ኤ ራሱ በጥቂቱ ሲጠራቀም የሚከፍተው ከላይ ያነሳነውን የእህት ግድያ ዓይነት ሥራ ነው። የስፖሩን ጂኖች የሚከፍተው ክምችቱ ከፍ ሲል ብቻ ነው።

ከፍተሻዎቹ ሁሉ እኔ የማደላለት አንድ አለ። ስፖሩ ይዞ የሚዘጋው አንድ የዲኤንኤ ቅጂ ብቻ ነው። ቅጂው ስብራት ካለበት፣ ያ ሁሉ ግንብ የሚጠብቀው የተበላሸ መጽሐፍ ይሆናል። ለዚህ ዲስ ኤ የሚባል ፕሮቲን አለ። ብርሃን በሚሰጥ ቀለም ምልክት ተደርጎበት በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ በዲኤንኤው ላይ ወዲያና ወዲህ ስትሮጥ የምትታይ አንዲት ነጥብ ነው። ደህና በሆነው ላይ ትሮጣለች፤ ጉዳት ካገኘች ቀጥ ብላ ትቆማለች። እሷ ስትቆም ስፖር የመሥራቱ ጉዳይም ይዘገያል።

ፍተሻው ካለፈ ግንባታው ይጀመራል። ባክቴሪያ ወትሮ የምትከፈለው ከወገቧ ነው፤ አሁን ግን ግድግዳው ወደ አንዱ ጫፍ ተጠግቶ ይሠራል። ትልቁ ክፍል እናት ህዋስ ይባላል፤ ስፖር የሚሆነውን ትንሹን ልጅ እንበለው። እዚህ ላይ አንድ የሚያስጨንቅ ነገር አለ፦ ግድግዳው ሲሠራ ዲኤንኤው ገና በመካከሉ ላይ ተጋድሟል። በልጁ በኩል ያለው ሲሶው ብቻ ነው። ዲኤንኤው ቢዘረጋ 1.4 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል፤ ባክቴሪያዋ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የአንድ ሚሊሜትር ጥቂት ሺህኛ ብቻ ናት። ግድግዳው ዲኤንኤውን አይቆርጠውም። በመካከሉ አንድ ፓምፕ ይቀመጥና የቀረውን ሁለት ሲሶ በቀዳዳው በኩል ወደ ልጁ ያሳልፈዋል። ወዴት እንደሚያሳልፍ የሚያውቀው በዲኤንኤው ላይ በተጻፉ አቅጣጫ ጠቋሚ ምልክቶች ነው። ሥራው በሩብ ሰዓት ገደማ ያልቃል።

ከዚህ በኋላ እናትና ልጅ አንድ ዓይነት ዲኤንኤ ይዘው የተለያየ ሥራ ይሠራሉ፤ አንዱ ግን ሌላውን ሳይጠብቅ አይራመድም። ልጁ የመጀመሪያዎቹን ጂኖቹን የሚከፍተው ግድግዳው ካለቀ በኋላ ነው፤ ያኔ ለእናቲቱ መልእክት ይልካል። መልእክቱ ሳይደርሳት የራሷን ድርሻ አትጀምርም። ሲደርሳት ቆዳዋን በልጁ ዙሪያ እየሳበች ትከበዋለች፤ ጨርሳ እስክትውጠው ድረስ ደግሞ ልጁ ሁለተኛውን ዙር አይጀምርም። እሱ ሲጀምር ዳግመኛ ይልክባታል፤ እሷም የመጨረሻውን ትጀምራለች። አንዱን መልእክት የሚያስቀር ጉድለት በቤተ ሙከራ ሲፈጠርባቸው ሥራው እዚያው ላይ ይቆማል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ቤት አይደርስም።

አሁን ልጁ በእናቱ ሆድ ውስጥ ተንሳፍፎ ያለ ክብ ነገር ነው። እናቲቱ የውጭውን ልባስ በላዩ ላይ ልትሠራ ነው፤ ልባሱ ከ70 በላይ የፕሮቲን ዓይነቶች ይገቡበታል። ጥያቄው፣ እነዚህ ፕሮቲኖች የት እንደሚለጠፉ በምን ያውቃሉ የሚለው ነው። በእናቲቱ ውስጥ ሁለት ገጾች አሉ፤ የራሷ ግድግዳና የልጁ ገላ። በኬሚካላቸው ብዙም አይለያዩም። በ2009 የታተመ አንድ ጥናት መልሱን ሰጠ፤ እኔ ካነበብኳቸው የባዮሎጂ ጽሑፎች እንደዚህ ያሳቀኝ የለም። እንስራ ውስጥ አንድ እንቁላል አስቀምጡ። ከእንስራው ውስጥ ሆኖ ለሚዳስስ፣ የእንስራው ግድግዳ በየትም በኩል ጎድጓዳ ነው፤ ወደ እሱ ጎበጥ ብሎ የሚመጣው የእንቁላሉ ገጽ ብቻ ነው። የልባሱን መሠረት የሚጥለው ፕሮቲን ይህን ጉብታ ይዳስሳል። 26 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት፣ ከፕሮቲን ሁሉ ከትናንሾቹ የሚቆጠር ነው። አድራሻ አያነብም፤ ምልክት አይፈልግም፤ የጎበጠ ካገኘ ይቀመጣል። ሌላኛው ፕሮቲን በእሱ ላይ ይደረደራል፤ የቀሩትም በዚያ ላይ ይነባበራሉ።

በልባሱ ሥር ወፍራም ሌላ ግድግዳ አለ፤ ስለ እሱ ብዙ አልልም። የውስጡ ግን ዝርዝር ይገባዋል። በምታድግ ባክቴሪያ ውስጥ ከክብደቷ አራት አምስተኛ ያህሉ ውሃ ነው፤ በስፖሩ እምብርት ውስጥ ግን ወደ ግማሽና ከዚያም በታች ይወርዳል። የውሃውን ቦታ የሚይዘው ካልሲየም የታሰረበት ዳይፒኮሊኒክ አሲድ ነው፤ እናቲቱ ሠርታ ወደ ልጁ ታስገባዋለች፤ ከስፖሩ ደረቅ ክብደት 10 በመቶ ገደማ ይሆናል። ውሃው ሲቀንስ ፕሮቲኖቹ መላወሻ ያጣሉ፤ የማይላወስ ነገር ደግሞ በሙቀት ቶሎ አይበላሽም።

ዲኤንኤውን ደግሞ ትንንሽ ፕሮቲኖች ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሸፍኑታል። እነሱ ጨረርን ሙሉ በሙሉ አያግዱም፤ ዘዴያቸው ረቀቅ ያለ ነው። የፀሐይ ጨረር ወትሮ በዲኤንኤ ላይ የተለያየ ዓይነት ጉዳት ያደርሳል። በእነዚህ ፕሮቲኖች የተሸፈነ ዲኤንኤ ላይ ሲያርፍ ግን የሚያደርሰው ጉዳት በአብዛኛው አንድ ዓይነት ብቻ ይሆናል። ያን አንድ ጉዳት የሚጠግን ኢንዛይምም አስቀድሞ ተሠርቶ ስፖሩ ውስጥ ታሽጓል። ስፖሩ ተኝቶ ሳለ ምንም ነገር ስለማይሠራ ጉዳቱ ሳይጠገን ይከማቻል፤ በነቃ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ግን መሣሪያው ዝግጁ ነው። ጉዳት እንደማይቀር አውቆ፣ የሚመጣውን ጉዳት ለያዘው መሣሪያ እንዲመች አድርጎ ማበጀት፤ ከዚህ የበለጠ አርቆ አሳቢ ጠጋኝ አላየሁም።

በመጨረሻ እናቲቱ የራሷን ግድግዳ አሟሙታ ትፈርሳለች፤ ስፖሩ አፈር ላይ ይወድቃል።

የአባ ሰንጋዋ ባክቴሪያ ይህንኑ ሥራ ስትሠራ አንድ ተጨማሪ ነገር ትጠብቃለች፤ አየር። በሕይወት ባለ ከብት ደም ውስጥ እያለች ስፖር አትሠራም። ከብቱ ሞቶ ሳይከፈት ከቆየ፣ በሬሳው ውስጥ አየር ስለሌለ ባክቴሪያዎቹ ከመበስበሱ ጋር በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልቃሉ። ሬሳው ከተበለተ ወይም ከተገፈፈ ግን ደሙ አየር ያገኛል፤ በዚያ ሰዓት የግንባታው ሥራ ይጀመራል፤ መሬቱም ለብዙ ዓመታት ይበከላል። የእንስሳት ሐኪሞች በአባ ሰንጋ የተጠረጠረ ከብት እንዳይከፈት፣ በጥልቅ እንዲቀበር ወይም እንዲቃጠል አጥብቀው የሚናገሩት ለዚህ ነው። ቁም ነገሩ ሥጋውን ካለመብላት ያልፋል፤ ቢላዋው ራሱ ለባክቴሪያዋ በር ከፋች ነው። ከዚህ በተቃራኒ ደግሞ ቢሾፍቱ የሚመረተው የአባ ሰንጋ የከብት ክትባት የተዳከመችው ባክቴሪያ ስፖር ነው። ያ ሁሉ ትዕግሥት እዚያ ብልቃጥ ውስጥ ሲገባ ለሰው ያገለግላል።

የስፖሩን ጥንካሬ ካየን ዘንድ በእሱ የተሠራውን ወንጀልም አንደብቅ። በ1942 የብሪታንያ መንግሥት ስኮትላንድ አጠገብ ባለች ግሩይናርድ በምትባል ደሴት የአባ ሰንጋ ቦምብ በበጎች ላይ ሞከረ። ደሴቷ ለአሥርታት ተዘግታ ቆየች። በ1986 አፈሯ በባሕር ውሃ በተበጠበጠ ፎርማልዲሃይድ ታጠበ፤ ደህና ናት የተባለችው በ1990 ነው።

አሁን ወደ መንቃቱ። ስፖሩ አይበላም፤ አይተነፍስም ለማለት የሚያስደፍር ሁኔታ ላይ ነው፤ አዲስ ፕሮቲን አይሠራም። ይሁንና ምግብ ሲመጣ በደቂቃዎች ውስጥ ያውቃል። በውስጠኛው ቆዳው ላይ የተተከሉ አዳማጭ ፕሮቲኖች አሉት፤ ልባሱ ትልልቅ ጠላቶችን ሲያግድ ለትንንሽ ሞለኪውሎች ግን ቀዳዳ አለው። የድርቆሿን ባክቴሪያ ስፖር የሚቀሰቅሰው አላኒን የሚባል አሚኖ አሲድ ነው። አላኒን እንደ ግራና ቀኝ እጅ ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ ይቀሰቅሳል፤ ሌላው ጭራሽ ያስተኛል። የአባ ሰንጋዋ ስፖር ደግሞ የመጀመሪያውን ወደ ሁለተኛው የሚለውጥ ኢንዛይም በልባሱ ላይ ይዟል። ስለዚህ ጥቂት አላኒን ሽው ቢል፣ ለምሳሌ የምትፈርሰው እናት የምትተወው ትራፊ፣ ሳይቀሰቅሰው ወደ ማስተኛነት ይለወጣል። የሚቀሰቅሰው ከኢንዛይሙ አቅም በላይ የበዛ ምግብ ነው።

ታዲያ ትንንሽ ምግብ በየጊዜው ብልጭ ድርግም ቢልስ? በ2022 ሳን ዲዬጎ ያሉ ተመራማሪዎች ስፖሩ ይህንንም እንደሚቆጥር አሳዩ። በውስጡ ሲታሸግ የተቀመጠ የፖታሲየም ክምችት አለ። ለመቀስቀስ የማይበቃ ምግብ ለአጭር ጊዜ ሲነካው ጥቂት ፖታሲየም ያመልጠዋል፤ ስፖሩ ግን አይነቃም። በሁለተኛው ጊዜ እንደገና ያመልጠዋል። ክምችቱ ከተወሰነ ልክ በታች ሲወርድ ይነቃል። ይህ ቆጠራ አዲስ ኃይል አያስከፍለውም፤ ወጪው እናቲቱ ከመሞቷ በፊት ተከፍሎ አልቋል። እኔ በበኩሌ ከዚህ ሁሉ ሥራ አንዱን ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው።

አንድ ጊዜ ከተነሳ በኋላ ግን ዳተኝነቱ ሁሉ ያበቃል። ካልሲየሙና ዳይፒኮሊኒክ አሲዱ በደቂቃዎች ውስጥ ወጥተው ይፈስሳሉ፤ ውሃ ይገባል፤ ወፍራሙ ግድግዳ ይሟሟል። በዚያ ቅጽበት መጠለያውን ያጣው ስፖር እንደማንኛዋም ባክቴሪያ በሙቀት ይሞታል። አየርላንዳዊው ጆን ቲንደል በ1877 ለንደን ውስጥ የተጠቀመው ይህንን ክፍተት ነው። ለረጅም ሰዓት አፍልቶ ያላጸዳውን ፈሳሽ፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ አፍልቶ፣ አቆይቶ፣ ደግሞ አፍልቶ አጸዳው። የመጀመሪያው ሙቀት የነቁትን ይገድላል፤ በመካከሉ ያለው ጊዜ የተኙትን ያስነሳል፤ ቀጣዩ ሙቀት እነሱን ይይዛል። ደጋግሞ ማፍላት ያስፈለገው ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለማይነሱ ነው። ከአንድ ዘር፣ በአንድ ቀን ከተሠሩት ውስጥ ጥቂቶቹ፣ ወንድሞቻቸው ሁሉ በተነሱበት ምግብ ውስጥ ሆነው ይተኛሉ። ምግቡ ወጥመድ ሆኖ ቢገኝ የሚተርፉት እነሱ ናቸው።

የዛሬ ሆስፒታል የቲንደልን ያህል ትዕግሥት የለውም፤ አውቶክሌቭ በሚባል ማሽን በእንፋሎት ግፊት ሙቀቱን 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አድርሶ ለ15 ደቂቃ ያህል ያቆያል። መሣሪያው በትክክል መሥራቱ የሚረጋገጠውም በስፖር ነው። ሙቀት ወዳድ የሆነች የሌላ ዘመድ ባክቴሪያ ስፖሮች በትንሽ ብልቃጥ ታሽገው ከመቀሱና ከጓንቱ ጋር አብረው ይገባሉ። ሲወጡ ብልቃጡ ተሰብሮ ወይን ጠጅ ቀለም ካለው ምግብ ጋር ይገናኙና ወደ 60 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ይቀመጣሉ። ቀለሙ ካልተለወጠ ዕቃው ሁሉ ንጹሕ ነው ተብሎ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይሄዳል። ወደ ቢጫ ከተለወጠ ግን ስፖሩ ተርፏል ማለት ነው፤ ዕቃው ይመለሳል፤ ማሽኑም ጥገና ይጠራለታል።